አሥራ ሦስቱ የኮንክሪት ገበቴዎች

ዱብራቫ፣ ኔብራስካ
አፕሪል 19 ቀን 1976

ለምወድህ ለዴል፣

እንደምን ሰንብተሃል? ይህች ደብዳቤ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራ ቱርክ ስትደርስ በሙሉ ጤና እንድታገኝህ ጸሎቴ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አጎትህ ኤሚልም ደህና ነው። በረዶው ቀልጦ አልቋል፣ ጭቃው ግን ገና እስከ ቁርጭምጭሚት ነው።

ዘንድሮ አገሩ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነውና ዱብራቫ አብዳለች። የእሳት አደጋ ቧንቧዎቹ ሳይቀሩ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ተቀብተዋል። የሚኒ ፔትስካን ባል ላሟን ሊቀባ ሲል ነው የያዙት። ሃሮልድ ስትራካ የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ሲራመድ ደረቱ ይቀድመዋል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰብስቦን፣ ለጁላይ አራት የሙዚቃ መድረኩን ዙሪያ የሚያስጌጥ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጄን አውጥቼ ኤሚል ይሠራል አልኩ። አሥራ ሦስት የኮንክሪት ገበቴዎች፣ ለአሥራ ሦስቱ የመጀመሪያ ግዛቶች አንዳንድ፣ ፊታቸው ላይ ኮከብ ያለባቸው። ሃሮልድ ቀስ ብሎ፣ “ኤሚል ይችላል?” አለኝ።

በዚህ አውራጃ ኤሚል ያላፈሰሰው ወለል፣ ያልሠራው ደረጃ የለም። እሱን ነው ይችላል ወይ የሚሉኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለአንድ ባልዲ ሲሚንቶ ስንት ባልዲ አሸዋና ስንት ባልዲ ጠጠር ነው የሚገባው? ቶሎ ብለህ ጻፍልኝ። ፖስታውን በኤሚል ስም አታድርገው፣ በእኔ ስም አድርገው።

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅህ።

አክስትህ ሎርና

—

ከግድቡ ሥራ ሠፈር፣ ምሥራቅ ቱርክ
ሜይ 8 ቀን 1976

ለውድ አክስቴ ለሎርና፣

ሰላምታዬ ከልብ ይድረስሽ፣ ለአጎቴም እንደዚሁ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ተራራ እየናድን ሌላ ተራራ እንሠራለን። የበግ ሥጋ ሰልችቶኛል፤ ያንቺን የፕሪም ኮላች ዳቦ በሕልሜ እበላለሁ፣ ስነቃ ትራሴን ነክሼ አገኘዋለሁ።

አንድ ለሁለት ለሦስት ነው፤ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። ውሃው ትንሽ ይሁን፣ ቡኮው እንደ ወፍራም ገንፎ እንዲቆም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። አጎቴ ቤት ተቀምጦ ይህን ከእኔ የምትጠይቂው ለምንድን ነው? አባቴ ሲሞት ወስዶ ይህን ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። ተኝቶም አንድ ለሁለት ለሦስት እያለ ያስቸግረኛል ትይ አልነበር? ተኳርፋችሁ ከሆነ ንገሪኝ፣ አስታራቂ ሽማግሌ ሆኜ እጽፋለሁ።

ገበቴዎቹ የጌራንየም አበባ ሲተከልባቸው ያምራሉ። ከፈሰሱ በኋላ ስላለው ነገር አልጽፍልሽም። ያንን አጎቴ ያውቀዋል፤ እኔ ለእሱ ሥራ ላስተምረው አልደፍርም። ብቻ በራሱ እጅ አንዲት መስመር ይጻፍልኝ። ከገና ወዲህ የእሱን ጽሑፍ አላየሁም።

ጤና ይስጥልኝ፣
ዴል

—

ዱብራቫ
ሜይ 31 ቀን 1976

ለምወድህ ለዴል፣

ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰችኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጤናህን በመስማቴ ሆዴ ረካ። አልተኳረፍንም። ኤሚል ደህና ነው፤ ትንሽ ይደክመዋል እንጂ።

ሥራው ተጀምሯል። ትልቁን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ለውጪው፣ ትንሹን ለውስጡ አድርገን፣ ሁለቱንም የአሳማ ሞራ ቀብተን በመሃላቸው እናፈስሳለን። ኮከቡን ከእንጨት ቆርጬ ሳፋው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ሲወጣ አንዱ ጫፉ ተሸርፎ ባለ አራት ጫፍ ኮከብ ሆነ። ሮድ አይላንድ ትንሽ ግዛት ናት፣ ትችለዋለች ብዬ ለእሷ ሰጠሁት። ያለን ሳፋ አንድ ጥንድ ብቻ ስለሆነ የመጨረሻዎቹ የሚያልቁት ጁን ሊወጣ ሲል ነው። ጠጠሩን ከወንዙ ዳር አመጣን፤ እንቁላል እንቁላል የመሰለ ለስላሳ ነው፣ ሲያዩት ደስ ይላል። ኤሚል ይመስገን ጧት ተነስቶ እንደ ጥንቱ ያቦካል። አቦካኩን ስታየው ምንም የጎደለው አይመስልም።

የምን ጌራንየም ነው የምትለኝ? እሳት ነው የሚነድባቸው። ሃሮልድ በነጭ ጋዝ የተነከረ ሰጋቱራ ሊሞላባቸው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የሙዚቃ ባንዱ ሲመታ አሥራ ሦስቱም ይለኮሳሉ። በየገበቴው አጠገብ አንድ አንድ የትምህርት ቤት ልጅ የግዛቷን ስም ይዞ ይቆማል። የሚኒ የልጅ ልጅ ደላዌር ሆናለች፤ ገና ካሁኑ ቀሚሷን አታወልቅም።

ኤሚልን ለስንት ቀን ይቀመጥ አልኩት። ሁለት ቀን ይበቃዋል አለኝ። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ውስጡንም ውጪውንም ዘይት ቀለም ቀብቼ አስቀምጣለሁ።

መስመር ጻፍለት ብዬው ነበር። እጁ በሲሚንቶ ተይዟል፣ ሌላ ጊዜ ይጽፍልሃል።

ፈጣሪ ይጠብቅህ።

አክስትህ ሎርና

—

ከግድቡ ሥራ ሠፈር
ጁን 20 ቀን 1976

ለውድ አክስቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለ ጤና ጠይቄ ሳልጨርስ ወደ ነገሩ እገባለሁ፣ ይቅር በይኝ።

ገበቴዎቹን እሳት አታስነኩ። አንዱንም። ነገ ሌሊቱን የሚሄድ የጭነት መኪና አግኝቻለሁ፤ አራት ሰዓት ተጉዤ ከተማ ደርሼ ቴሌግራም እልክልሻለሁ። ይህችን ደብዳቤም እዚያው ፖስታ ቤት እጥላታለሁ፤ ቴሌግራሙ ይቀድማታል፣ እኔ ግን ማንኛውንም ብቻውን አላምነውም።

ምክንያቱን ልንገርሽ። አዲስ ኮንክሪት ውስጡ ውሃ ነው። ያ የወንዝ ጠጠር ደግሞ፣ ያ እንቁላል የመሰለው፣ ስንት ዘመን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ውሃ የጠጣ ነው። በዚያ ላይ በቀለም ደፍነሽዋል። እሳቱ ሲሞቀው ውሃው እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ያጣና ገበቴውን ያፈነዳዋል። እንዲያው ስንጥቅ የሚል እንዳይመስልሽ፤ እንደ ጥይት ነው የሚበተነው። ልጆቹን አጠገባቸው ልታቆሙ ነው።

እንዴት እንደማውቅ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያልነገርንሽ ነገር አለ። የአጎቴን የግራ ቅንድብ ጠባሳ ታውቂዋለሽ። መዶሻ አምልጦ መታኝ ብሎሻል። ውሸቱን ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ክረምት፣ ብርዱ ጣቴን ቆረጠውና ትናንት ባፈሰስነው ወለል ላይ እሳት አነደድኩ። አጎቴ ሊያጠፋው ሲሮጥ ወለሉ ፈንድቶ ፊቱን ከፈለው። ደሙ እየወረደ አልጮኸብኝም። “ኮንክሪት ሃያ ስምንት ቀን አራስ ነው፣ አይነካም” አለኝ። ከዚያ አንቺ እንዳትቆጪኝ ብሎ ስለ መዶሻው ዋሸሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ሃያ ስምንት ቀን ሳያሰኘኝ አካፋ አያስይዘኝም ነበር።

ያ ሰው ሁለት ቀን ይበቃል አይልም። የወንዝ ጠጠርም ለእሳት አያቦካም። ስለዚህ፣ አክስቴ፣ ልጠይቅሽ የፈራሁትን እጠይቅሻለሁ፤ አጎቴ ምን ሆኗል?

ሜይ ላይ ከፈሰሱ በኋላ ስላለው ነገር አልጽፍም ብዬሽ ነበር። አክባሪ ነኝ ብዬ ነው። ልጅ ቢጎዳ ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው።

በፍርሃት ያለው፣
ዴል

—

ዱብራቫ
ጁን 29 ቀን 1976

ለምወድህ ለዴል፣

እንደምን አለህ? ከሜይዋ ደብዳቤህ ወዲህ ምንም አልደረሰኝም፤ ደህና እንደሆንክ ራሴን አሳምኜ እጽፍልሃለሁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ሁለት ዓመት ደበቅኩ። ኤሚል ደህና አይደለም። ዴል፣ አጎትህ እየጠፋብኝ ነው። መጀመሪያ የቁልፍ፣ ከዚያ የሰው ስም ጠፋው። ማርች ላይ እህል መደብሩ ውስጥ ቆሞ ቤቴ የት ነው ብሎ ሃሮልድን ጠየቀው። የኤሚል አባት በእሱ ዕድሜ እንዲህ ሆኖ አውራጃው ወደ እብዶች ቤቱ ወስዶ ከፍርግርግ መስኮት ጀርባ አስቀመጠው፤ እዚያው ሞተ። እሑድ እሑድ እየሄድን እናየው ነበር፣ ወንበር ላይ ታስሮ። ኤሚል ሲመለስ መኪናውን አቁሞ፣ “እኔን እዚህ እንዳታመጪኝ” ብሎ አስማለኝ። ሃሮልድ ሲጠይቅ እጄን ያወጣሁት ለዚህ ነው። አሥራ ሦስት ገበቴ በሰው ፊት ቢደረደር፣ ኤሚል ሠራው ቢባል፣ ማን ይወስደዋል ብዬ።

አሁን ግን ነገሩ ከፋብኝ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ገበቴዎቹን አፈር ይሞላቸዋል። ጧት ስነሳ አፈር ሞልተዋል። ጠርጌ አጥቤ፣ የተላጠውን ቀለም ደግሜ እቀባለሁ። ከሰዓት በኋላ ዞር ስል ደግሞ አካፋውን ይዞ ይሞላል። “ለምን?” ስለው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃል አይወጣውም። ትናንት ሃሮልድ ሊጭናቸው በመኪና ሲመጣ ኤሚል ከመኪናው ፊት ቆመና አልነቃነቅም አለ። ቅንድቡን እየነካካ አለቀሰ። በሃምሳ ዓመት ሲያለቅስ ያየሁት እናቱ የሞተች ዕለት ብቻ ነው። ለሃሮልድ ጥርሱን አሞት ነው አልኩት። ሃሮልድ ጥርስ የት እንደሚበቅል የሚያውቅ ሰው ነው፤ ኤሚልን ዞሮ አልፎ ገበቴዎቹን ጫነ።

የመጨረሻውን፣ ደላዌርን፣ ያፈሰስነው ዓርብ ነው። ሌላው ሁሉ ደርሷል።

ዴል፣ እፈራለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ነገር ሌት ተቀን በጆሮዬ ነው። በበዓሉ ቀን በሰው ሁሉ ፊት አካፋውን ይዞ እንዳይወጣ እፈራለሁ። ቤት ቆልፌበት ልሂድ እላለሁ፣ ከዚያ የአባቱ ወንበር ትዝ ይለኛል።

ጸልይልን።

ሎርና

—

ዱብራቫ
ጁላይ 7 ቀን 1976

ለምወድህ ለዴል፣

የጁን ሃያዋ ደብዳቤህ ትናንት ማክሰኞ ደረሰች። በዓሉ ባለፈ በሁለተኛው ቀን። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ልንገርህና ተንፍስ፤ ማንም ልጅ አልተጎዳም።

አልቆለፍኩበትም። ሸሚዙን አልብሼ፣ ጸጉሩን አበጥሬ፣ ክንዱን ይዤ ወሰድኩት። ገበቴዎቹ መድረኩን ከበው ተደርድረዋል፣ ልጆቹ የግዛቶቹን ስም ይዘው ቆመዋል። ሰጋቱራው ተሞልቶ ጋዙ ይሸታል። አልዋሽህም፣ ሰው “የኤሚል እጅ ነው” ሲል ደረቴ እንደ ሃሮልድ ተነፍቶ ነበር።

ከሚኒ ጋር ሁለት ቃል ተለዋውጬ ዘወር ስል ክንዱ የለም። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን የአሸዋ ባልዲ አንስቶ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከጆርጂያ ጀምሮ፣ በየገበቴው ላይ ይገለብጣል። ልጆቹን በክርኑ ይገፋቸዋል። “ሂዱ ከዚህ፣ ሁላችሁም ሂዱ” ይላል። ከወር ወዲህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ። ይህ ደግሞ ከሳቁ ይብስ ነበር። የከተማችን ዶክተር ከወንበሩ ሲነሳ አየሁት። ይኸው መጡ፣ ሊወስዱት ነው አልኩ በልቤ።

ሮጬ ባልዲውን ልነጥቀው ያዝኩ። ኤሚል ባልዲውን ለቀቀና እጄን ይዞ ጣቴን ቅንድቡ ላይ፣ ጠባሳው ላይ አደረገው። ዓይኔን እያየ። ያንተን ደብዳቤ ያኔ ገና አላነበብኩም፤ መዶሻው ውሸት መሆኑን አላውቅም ነበር። ያወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዲህ የሚያየኝ ሰው አልጠፋም። ያለው እዚያው ነው፣ አፉ ነው የከዳው።

ወደ ሃሮልድ ዞርኩ። ክብሪቱን ይዞ ደላዌር አጠገብ ቆሟል። ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ “ሃሮልድ፣ አትለኩስ። ባሌ ታሟል፤ ሁለት ዓመቱ ነው። ኮንክሪት ግን ያውቃል” አልኩት።

ሁለት ዓመት የደበቅኩት ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

ሃሮልድ ሌላውን ተወ፤ ደላዌርን ግን ቀድሞ ለኩሶት ኖሯል። የሚኒን የልጅ ልጅ በቀሚሷ ይዤ ጎተትኩ። ኤሚል ሌሎቹን እየነዳ ሄደ። ሰው ግራ ተጋብቶ ወደ ኋላ አለ። እሳቱ ለጥቂት ደቂቃ ቆንጆ ሆኖ ነደደ፣ እኔም ራሴን በሰው ፊት አዋረድኩ፣ በከንቱ፣ ማለት ጀመርኩ። ከዚያ ፈነዳ። ድምፁን ከርችት የለየሁት ፍንጣሪው የባንዱን ትልቅ ከበሮ በስቶ ሲወጣ ነው። አንዲት እንቁላል የመሰለች ጠጠር መድረኩ እንጨት ውስጥ ተሰክታ ተገኘች። ልጅቷ ቆማበት ከነበረው ቦታ ትይዩ ነው፣ በደረቷ ቁመት። ሚኒ ቁጭ ብላ አልነሳ አለች።

ትናንት ካንተ ደብዳቤ ጋር ሌላ ፖስታ መጣ፤ የቴሌግራምህ ግልባጭ። ከሥሩ፣ ጁን 22 ቀን ጧት በስልክ ተነቧል፣ የተቀበለው ኤሚል ይላል። እኔ ያን ጧት ቀለም ልገዛ ወጥቼ ነበር። ሄጄ የሥራ ቱታውን ኪስ ፈተሽኩ። ከረሜላ፣ ሚስማር፣ አራት ቦታ የታጠፈ የሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ። በእርሳስ፣ እንደ ትንሽ ልጅ ጽሑፍ፣ “እሳት የለም። ዴል” ይላል። ከሱ በታች ደግሞ፣ “ለሎርና ንገር፣ ለሎርና ንገር፣ ለሎርና ንገር።”

ሊነግረኝ አልቻለም፣ ዴል። ቃሉን አጥቶት አንድ ሳምንት ሙሉ በአካፋ ነገረኝ፤ እኔ ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ እየጠረግኩ ጣልኩት። አንተም ግማሹ የእኔ ነው አትበል። ከተከፋፈልነው ለሁላችንም ይደርሳል።

ዶክተሩ ሰኞ መጣ። ኤሚልን አየው፣ ስለ አውራጃው ቤት ግን አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ነገ ሊያነሳ ይችላል፣ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ሃሮልድ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጥቶ ስለ ቀሩት አሥራ ሁለት ምን እናድርግ ብሎ ኤሚልን ጠየቀው። እኔን አይደለም፣ እሱን። ኤሚል ወጥቶ አፈር ሞላባቸው። ሃሮልድም ኮቱን አውልቆ አብሮት ሞላ። ጌራንየሙን ሚኒ ታመጣለች።

አንዲት መስመር ስትለምነኝ ነበር። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ኤሚል አጠገቤ ተቀምጦ ነበርና እርሳሱን ሰጥቼ፣ ለዴል ነው፣ የፈለግከውን ጻፍለት አልኩት። ሩብ ሰዓት ፈጀበት። እኔ አልረዳሁትም።

ሎርና

ሃያ ስምንት ቀን